አሮጊቷን መርከብ ያስጣልኩበት ውሸት

ይህን ነገር ለዓመታት ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር። ለሚስቴ ለከዲጃም አልነገርኳትም። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ ነገሩን በስሙ አልጠራውም ነበር። እስከ ዛሬ የሰሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከማንም በፊት መስማት የሚገባቸው ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ የምትሰሙኝ እናንተ ናችሁ።

ዋሽቻለሁ። በአንዲት አጭር ውሸት አንድ ሰው ከልባቸው የሚወዷትን መርከብ ባሕር ላይ ጥለው እንዲወርዱ አድርጌአለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ በውሸቱ ላይ የማልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን የተቀበልኩትም እኔው ነኝ።

ሰይድ እባላለሁ። ደሴ ተወልጄ፣ ወጣትነቴን ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ በሞተረኛነት አሳልፌ፣ ጦሩ ሲበተን ወደ ደሴ ተመልሼ የወፍጮ ቤት ሞተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ዲቪ ደረሰኝና ኦክላንድ ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ኤርፖርቱ አጠገብ የኪራይ መኪና ማጠብ ነበር። ጋሼ ታደለ ደግሞ መንገደኞቹን ከኤርፖርቱ ወደ መኪናዎቹ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ይነዱ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡሳቸው አልነሣ ብሎ ቆሞ፣ እጄን ሞተሩ ውስጥ ሰድጄ ሳስነሣው አዩኝ።

«የት ነው የተማርከው?» አሉኝ።

«ምጽዋ» ስላቸው ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። እሳቸውም ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው እዚያው ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ አናጢ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ታደለ ያላደረጉልኝ ምን አለ? ክሬዲት የሚባል ነገር ስላልነበረኝ ሳን ሊያንድሮ ያለውን አፓርትመንት ፈርመው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ድረስ በራሳቸው መኪና እያስነዱ፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር «ያ አላህ!» እያሉ በእኔ አፍ ይቀልዱብኝ ነበር። ከዲጃ ከደሴ ስትመጣ እኔ በድንጋጤ አበባ መግዛት ረስቼ፣ ኤርፖርት ላይ አበባ ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ኦርቶዶክስ ሆነው ሳለ ማግሪብ ሲቃረብ ቴምር ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ። «ከእናንተ ጋር ላፍጥር ብዬ ነው» ይላሉ፤ ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በልተው የዋሉ ሰው! ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ማንን እንደዋሸሁ እንድታውቁ ብዬ ነው።

ጋሼ ታደለ አንዲት መርከብ ነበረቻቸው። ከእንጨት የተሠራች፣ ሁለት ምሰሶ ያላት፣ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ናት። የቀድሞ ባለቤቷ ሊያስፈርሳት ሲል ለምነው ነው የወሰዷት። ጎኗ ላይ የእንግሊዝኛ ስም ተጽፎባታል፤ እሳቸው ግን «አሮጊቷ» ነበር የሚሏት። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ሶስናን ብቻቸውን አሳደጉ። ሶስና ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ ከሥራ የተረፈውን ጊዜያቸውን ሁሉ ኦክላንድ ወደቡ ጥግ የታሰረችው መርከብ ላይ ማሳለፍ ጀመሩ። እኔም ተጨመርኩ። ሞተሯን እኔ ያዝኩ፣ እንጨቷን እሳቸው።

የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተካሉ። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ክፍተት ጥጥ እየጠቀጠቁ በዝፍት ይደፍናሉ። አንዳንዱን ሥራ እኔም አግዛቸው ነበር። ከፊት በኩል፣ ማዕበሉን የምትቀበልበት ጉንጯ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ግን አያስነኩኝም። ከሥሯ በጀርባቸው ተኝተው፣ ዝፍቱ ፊታቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ለብቻቸው ሠሩት። ሲጨርሱ በመዶሻው እጀታ መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡት። «ይሄ ከእኔም በኋላ ይኖራል» አሉኝ። እኔ ይህን በጆሮዬ ከሰማሁ በኋላ ነው የዋሸሁት።

አሮጊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወደቡ አውጥተን ውቅያኖሱ ላይ የሞከርናት ጥር ውስጥ፣ በዚህ አገር ዝናብ በሚበዛበት ወራት ነው። ሶስናም ትምህርት ዝግ ስለነበር አብራን መጣች። ቅዳሜ በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር አልፈን ወደ ደቡብ ወረድን፤ ሐፍ ሙን ቤይ አደርን። ጋሼ ታደለን እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። መሪውን ለሶስና ሰጥተው ከኋላዋ ቆመው በአማርኛ ሲያዟት፣ እሷ በእንግሊዝኛ ስትመልስ፣ ሁለቱም ሲስቁ እስከ ሞተር ክፍሉ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

በማግሥቱ ለመመለስ ስንነሣ ሬዲዮው ማታ ላይ ማዕበል እንደሚመጣ ተናገረ። ጋሼ «ቀድመነው እንገባለን» አሉ። እኔም የሚሆን መስሎኝ ነበር። ማዕበሉ ግን አልጠበቀንም። ገና የፓሲፊካን ቤቶች በስተቀኝ አሻግረን እያየን ሰማዩ ጠቆረ፤ ነፋሱ ከኋላችን መጣ፤ ባሕሩ እንደ ኮረብታ እየተነሣ በጀርባችን ይወድቅ ጀመር። አንዱ ማዕበል የኋለኛውን ምሰሶ ሰበረው። ሌላው የመሪውን ክፍል መስኮት በርግዶ ገብቶ ሶስናን ከብረቱ ጋር አላተማት፤ ክንዷ ተሰበረ። ጩኸቷን ታች ሆኜ ሰማሁት። ጋሼ በሬዲዮ ርዳታ ጠሩ።

የእኔ ቦታ ታች ነው፤ ሞተሩና ፓምፑ ጋ። አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የኔ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። መርከቧ ውስጥ ውኃ ገብቶ ነበር? አዎ፤ የእንጨት መርከብ ሁልጊዜ ትንሽ ያልባታል፣ በተሰበረው መስኮትም የገባ ነበረ። ፓምፑ ግን ይሠራ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን ነክቶ የነበረው ውኃ ወደ ጫማዬ ሶል ወርዶ ነበር። ባትሪ ይዤ በአራት እግሬ እየዳህኩ እስከ ፊት ሄድኩና የጋሼን መጋጠሚያ አየሁት፤ በመዳፌም ዳበስኩት። እርጥበት እንጂ ውኃ አልነበረበትም። ይዟል። አየሁ፣ ዳበስኩ፣ አወቅሁ።

አወቅሁና ግን ፈራሁ። ምጽዋ የነበርኩባቸው መርከቦች የብረት ናቸው፤ ብረት ቢመታ ይጮኻል እንጂ እንደ እንጨት አያቃስትም። አሮጊቷ በጎኗ በተጋደመች ቁጥር እያንዳንዱ ሳንቃ የሚሰናበተኝ መሰለኝ። ከላይ ያለው መዝጊያ በማዕበሉ ተዘግቶ ብርሃኑ ጠፋብኝ። ከዚያ በኋላ አእምሮዬ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህ ልውጣ።

የባሕር ጠባቂዎቹ ጀልባ ደረሰ። በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም። መዝጊያው ተከፈተና ጋሼ ታደለ ከላይ ጮኹ።

«ሰይድ! ሶስናን ሊወስዱልን ነው! እናንተም ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ኑ፣ መርከቧን መጎተት አንችልም እያሉን ነው! ታች እንዴት ነው? ፓምፑ ይችላል? ከቻለ እኔና አንተ እናስገባታለን!»

ነገሩ ሁሉ የእኔን አፍ ጠበቀ። እሳቸው መሪውን ለቀው ወርደው ማየት አይችሉም። ፓምፑ ተበላሽቷል ብላቸው መጠገኛ ዘዴ ይነግሩኛል፣ ወይም ሶስናን አሳፍረው፣ መሪውን ለእኔ ሰጥተው ራሳቸው ይወርዳሉ። ባሕር ላይ የማይጠገን ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ፈለግሁ፤ አገኘሁም። በድንጋጤ ከአፌ ያመለጠኝ ቃል አይደለም፤ መርጬ ነው።

«ጋሼ፣ የፊተኛው መጋጠሚያ ተከፍቷል! ውኃው ፓምፑን አሸንፎታል!»

«የትኛው?»

«እርስዎ የሠሩት!»

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ወላሂ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ማንም ማል አላለኝም። ጋሼ ታደለ ያለ መሐላም ያምኑኝ ነበር። ታዲያ ለምን የአላህን ስም ጠራሁ? የገዛ ጆሮዬ አልቀበል ስላለኝ ይመስለኛል።

ለብዙ ጊዜ ከዲጃ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ነው እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነት ነው፣ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያን ሰዓት ግን ከዲጃ ትዝ አላለችኝም፤ ያልተወለደ ልጄም ትዝ አላለኝም። እነሱን በኋላ ነው የጨመርኳቸው። «ጋሼ፣ ፈራሁ» ብዬ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ፈራሁ ብላቸው በግድ ቆይ ይሉኝ ነበር? አይሉኝም፤ «ከሶስና ጋር ሂድ» ነበር የሚሉኝ። እኔ ግን ፈሪ ከምባል የእሳቸው ሥራ ቢዋረድ መረጥኩ።

ስወጣ ጋሼ መሪውን በገመድ እያሰሩ ነበር። ፊቷን ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ዳር ዓለት አርቀው አሰሯት። «ሞተሩን አታጥፋው» አሉኝ። እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና ወረድን።

ከጠባቂዎቹ ጀልባ ላይ ሆነን ዞረን አየናት። ምሰሶዋ ተሰብሮ፣ መስኮቷ ረግፎ፣ ከጎኗ ግን ፓምፑ የሚገፋው ውኃ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ጋሼ ታደለ ሶስናን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ «አየህ፣ አሁንም እየተፋችው ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ እንኳ ብናገር ይደርስ ነበር። አሮጊቷ ገና ቅርብ ነበረች። የሰጡኝን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ዓለቱ ላይ ተሰባብራ አገኟት። ሰው አልባ ሆና ነፋሱ ወስዶ ጥሏት ነው። ጋሼና እኔ ሄደን ባሕሩ ዳር የተበተነውን እንጨት አየን። መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አልተረፈም። አልዋሽም አሁን፤ በዚህ ደስ አለኝ።

ብንቆይ ኖሮ ልንሞት እንችል ነበር? እንችል ነበር። ልናስገባት እንችል ነበር? እሱንም እንችል ነበር። የትኛው እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ የመወሰኑ ፋንታ ግን የእሳቸው ነበር። መርከቢቱ የእሳቸው፣ ባሕሩን የሚያውቁት እሳቸው። እኔ እውነቱን ደብቄ ውሳኔያቸውን ሰረቅኋቸው።

ከዚያማ ምስጋናው መጣ። ሶስና ስትመረቅ ሳን ሆዜ ውስጥ ድግስ ተደርጎ፣ ጋሼ ታደለ ብርጭቆ ይዘው ተነሡና «ሰይድ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህችን ልጅ አላይም ነበር» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዲጃ የተወለደችውን ልጃችንን ታቅፋ በኩራት አየችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። መርከቧ ላይ የዋሸሁት ፈርቼ ነው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ምን አስፈራኝ? ምንም። ጣፈጠኝ እንጂ።

ጋሼ ታደለ የአናጢ መሣሪያቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ሥራ የጀመረችው ሶስና ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል የሚባል ከተማ ቤት ስትከራይ አብረዋት ገቡ። እንጨት መንካት ተዉ። ደከማቸው፣ ዕድሜ ነው፣ አልኩ። ቢከፋ የነጠቅኋቸው መርከባቸውን ነው ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ቀን ሶስና ኮል አደረገችልኝ። «አንክል ሰይድ፣ ፕሊስ አባቴን አናግረው» አለች። ሪችመንድ ውስጥ አሮጌ የእንጨት መርከብ የሚያድሱ ሰዎች የድሮውን ሙያ የሚያውቅ አናጢ ፈልገው፣ እሷ ስለ አባቷ ነግራቸው፣ ወዲያው ይምጣ ብለዋል። «ጥሩ ጆብ ነው፤ እሱ የሚወደው ነገር ነው። ግን ኖ አለ። ለምን ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ይሄ እጅ በሠራው ነገር ላይ ጭኜሽ ልገድልሽ ነበር› አለኝ። እያለቀሰ፣ አንክል ሰይድ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።»

እኔ መርከብ ሰበርኩ ስል፣ ለካ የሰበርኩት እጃቸውን ኖሯል። ጋሼ ታደለ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሶስናን ባዩ ቁጥር በራሳቸው ሥራ ሲያፍሩ ኖረዋል። እኔ አብሬያቸው እየበላሁ፣ እየሳቅሁ፣ በልጄ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲመርቁ አሜን እያልኩ! ለሐሰት መሐላዬ ከዚያ በፊት በድብቅ ጾሜያለሁ፤ ጾሜ ግን ጋሼ ታደለ ጋ አልደረሰም።

ወዲያው ሄድኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቀናት አሳለፍኩ። እንደ አባት ያሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ላጣ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ካምቤል ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ የሎሚ ዛፍ ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ተቀመጥ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ መጋጠሚያው አልተከፈተም ነበር» አልኳቸው።

«የምን መጋጠሚያ?»

«የአሮጊቷ። ፓምፑም ይሠራ ነበር። ውኃው እየቀነሰ ነበር። ዋሽቼዎት ነው። ፈርቼ።»

የያዙት የውኃ ጎማ ጫማቸው ላይ ይፈስሳል፤ አላዩትም።

«ዳብሰኸዋል?» አሉኝ።

«ዳብሼዋለሁ።»

«ውኃ አልነበረበትም?»

«እርጥበት ብቻ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ይዞ ነበር» አሉ፤ የሚናገሩት ለእኔ አልነበረም። እንደገና «ይዞ ነበር» አሉና በእጅጌያቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሶስና ፊቴ በተቀመጠች ቁጥር ምን እንደማስብ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ሰሞኑን ነው የሰማሁት።»

«ቀድመህ ብታውቅ ትነግረኝ ነበር?»

አዎ ማለት አማረኝ። «እንጃ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ይሄስ እውነት ነው» አሉ። «ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሂድልኝ። ዛሬ ፊትህን ማየት አልችልም።»

ሄድኩ። ሳምንታት አለፉ። ስልክ አልደወልኩም፤ ምን ብዬ? ከዲጃ «ጋሼ ምነው ጠፉ?» ስትለኝ ሥራ በዝቶባቸው ነው እላለሁ። እሷን እንኳ እየዋሸሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ከኋላ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ሪችመንድ ነኝ» አሉ። «እዚህ ሞተሩን የሚያይላቸው ሰው አጥተዋል። የምትመጣ ከሆነ መሣሪያዎቼንም ይዘህልኝ ና። ታች ግን ብቻህን አትወርድም፤ አብሬህ እወርዳለሁ።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አልሐምዱሊላህ እያልኩ፣ የሚበቃ ቃል አጥቼ።

ዓመታት አብረን ሠራን። ያችን መርከብ አድሰን ውኃ ላይ ስናሳርፋት ጋሼ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጧትና፣ «ና፣ አንተም ስማ» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ለሶስና አልነገሯትም። ለከዲጃ አልነገሯትም። ረመዳን ሲገባ ግን ቴምራቸውን ይዘው በሩን ማንኳኳት ቀጠሉ። አንድ ሰው ለበደለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ሁለት ጊዜ አባት ሆኑኝ፤ ሁለተኛው ጊዜ ማን እንደሆንኩ እያወቁ ነው። ያመሰገንኳቸውን ያህል በሕይወቴ ማንንም አላመሰገንኩም፤ አሁን በሕይወት የሉም፣ ምስጋናዬ ግን አላለቀም።

በቀብራቸው ዕለት ሶስና ሰው ፊት ቆማ ስለ አባቷ ተናገረች። ስለዚያ ማዕበል ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «ያን ቀን እኔንና አባቴን ያተረፈን አንክል ሰይድ ነው» አለች። ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እንደገና ዝም አልኩ። ቀብር ነው፣ ቦታው አይደለም አልኩ። ለእኔ መቼም ቢሆን ቦታው ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ ለበጎ ሆነ፣ ሶስናም ተረፈች፣ ጋሼም ወደ ሙያቸው ተመለሱ የሚለኝ ይኖራል። ለሆነው በጎ ነገር ሁሉ አላህን አመሰግናለሁ። በእኔ ውሸት የመጣ ነው እንድትሉልኝ ግን አልፈልግም። ሶስና አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። እሑድ ቤቷ ሄጄ ይህንኑ አነብላታለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጀምርም፤ ቅድሚያ መስማት ያለባት ሌላ ነገር አለ። አባትሽ የሠሩት ይዞ ነበር እላታለሁ።